ስለ እስስት አያያዝና እርባታ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር



በአማርኛ አነጋገር እስስት ከስድብ የተለየ ስም የላትም። ቃሉን የሚያጥፍ፣ ጧት ከአንዱ ማታ ከሌላው ጋር የሚውል፣ አቋም የሌለው ሰው ሲገኝ «እስስት ነው» ይባላል። ስድቡ የተመሠረተው እንስሳዪቱ ያረፈችበትን ነገር ሁሉ ቀለም ትይዛለች በሚለው እምነት ላይ ነው። እምነቱ ግን ስሕተት ነው። እስስትን በቀይ ጨርቅ ላይ ቢያስቀምጧት ቀይ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጧት ነጭ አትሆንም። ቀለሟን የምትለውጠው በአመዛኙ ሙቀትና ብርሃን ስትሻ፣ ስትፈራ፣ ስትቈጣ፣ ተጓዳኝ ስትፈልግ ወይም ተጓዳኝን ስትገፋ ነው። እንግዲህ እስስት የምትደብቀውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ አብልጣ፣ በቆዳዋ የውስጧን ትናገራለች ማለት ይቻላል፤ በስሟ የሚሰደበው ሰው ጠባይ ከዚህ ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

ይህ ነገር በመግቢያ የተነሣው ለቀልድ አይደለም። እስስት ከፉጨት በቀር ይህ ነው የሚባል ድምፅ የላትም፤ ስትራብ አትለምንም፤ ስትታመም አታቃስትም። ከዚህም በላይ ደካማነቷ በአዳኝ ዘንድ እንዳይታወቅ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትሸሽጋለች። ስለሆነም በቤቱ የሚያኖራት ሰው ቀለሟን ማንበብ ካልቻለ የሚያውቀው መሞቷን ብቻ ነው። ወደ ሐኪም ከሚመጡት እስስቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ሕመሙ ከጀመረ ከሳምንታት በኋላ፣ ለማዳን በሚያስቸግርበት ሰዓት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የቀለሙ ምንጭ ምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ቀለም ያዘሉ ሕዋሳት ይሰፋሉ፣ ይጠብባሉ የሚል ነበር። ይህ ለጥቁረትና ለድምቀት መለዋወጥ ድርሻ ያለው ቢሆንም፣ ሙሉው ማብራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በማዳጋስካሩ «ፓንተር» እስስት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በቆዳው ውስጥ ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች በረድፍ ተሰድረው እንደሚገኙ አሳዩ። እንስሳው በተረጋጋ ጊዜ ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፤ ሰማያዊውን ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ይህም በላዩ ካለው ብጫ ቀለም ጋር ተደርቦ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ተባዕቱ ተቀናቃኝ ወይም እንስት ባየ ጊዜ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ብጫና ወደ ቀይ የሚያዘነብለው ብርሃን ይመለሳል። ለባለቤቱ የሚያስፈልገው ግን ከፊዚክሱ ይልቅ ትርጓሜው ነው። በማለዳ ጠቍራ ጎኗን ወደ ብርሃን የምታዞር እስስት ሙቀት በመሰብሰብ ላይ ናት፤ ይህ ጤና ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀት ሳይጐድላት ጠቍራ የምትውል ግን አንድ ነገር እየጨነቃት ነው። ቀን ዐይኗን ጨፍና የምትቀመጥ እስስት ደግሞ፣ ቀለሟ ምንም ይሁን ምን፣ ታማለች፤ ጤነኛ እስስት በቀን አትተኛምና።

በዓለም ላይ ከ200 በላይ የእስስት ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከእነዚህም ወደ እኩሌታ የሚጠጉት በማዳጋስካር ብቻ ይገኛሉ። በሰው እጅ በብዛት የሚራቡት ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው በየመን ምዕራባዊ ተራሮችና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚኖረው፣ በራሱ ላይ ከፍ ያለ ቆብ የተደፋበት የሚመስለው «ካሜሌዎ ካሊፕትራቱስ» ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ «ባለ ቆቡ እስስት» እየተባለ ይጠራል። ከእርሱ ቀጥሎ የሚነሡት ከላይ የተጠቀሰው ፓንተርና በኬንያና በታንዛኒያ ደጋዎች የሚኖረው ባለ ሦስት ቀንዱ የጃክሰን እስስት ናቸው። ከዚህ በታች የሚሰጠው ዝርዝር በይበልጥ ባለ ቆቡን የሚመለከት ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለ ቆቡ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ጋር በሚመሳሰል እርከናማ አገር የሚኖር በመሆኑ፣ ጠባዩ ለዚህ ጉባኤ ተሳታፊዎች ባዕድ አይሆንም።

ስለ ጎጆው ብዙ ማለት አያስፈልግም። እስስት የዛፍ ላይ እንስሳ ስለሆነች የሚያስፈልጋት ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ተባዕት ወርዱና ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ በወንፊት ሽቦ የተሠራ ጎጆ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ልክ ነው። የዓሣ ማኖሪያ ዐይነት ዝግ የመስታወት ሣጥን አየር ያፍናል፤ በዚያ ላይ ተባዕቱ የራሱን ምስል እያየ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲጣላ ይውላል። በውስጡ ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆነው ፊከስ የተባለው የጌጥ ተክል ቢተከል መልካም ነው፤ መደበቂያ ይሆናል፤ ቅጠሉም ውሃ ይይዛል። በአንድ ጎጆ ከአንድ በላይ ማኖር ፈጽሞ አይገባም። ሁለት ተባዕት ይዋጋሉ፤ ተባዕትና እንስትም ቢሆኑ ሳይነካኩ በመተያየት ብቻ ይጨናነቃሉ፤ ደካማው ወገን መብላት ትቶ ቀስ በቀስ ይከሳል። ብቸኝነት ለእስስት ቅጣት አይደለም።

ሙቀትን በተመለከተ ባለ ቆቡ የሚሞቅበት አንድ ቅርንጫፍ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የቀረው ጎጆ ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። ሌሊት ሙቀቱ ወደ 17 ዲግሪ ገደማ ቢወርድ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ብዙ ባለቤቶች ከርኅራኄ የተነሣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት እያበሩ እንስሳውን ዕረፍት ይነሡታል። የደጋ እንስሳ ብርድ አይገድለውም፤ የማያቋርጥ ሙቀት ግን ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ይህ በጃክሰን እስስት ላይ ደግሞ በይበልጥ ይጠናል።

ውሃ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እስስት በሣህን የተቀመጠ ውሃን ውሃ ነው ብላ አታውቀውም ማለት ይቻላል። የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን፣ በብርሃን የሚያብለጨልጨውን ጠል ነው። አጠገቧ ሣህን ሙሉ ውሃ እያለ በጥማት የሞተች እስስት ተረት አይደለችም። ስለዚህ በጧትና በማታ ቅጠሉን በመርጫ ማርጠብ፣ ከዚህም ሌላ ከጎጆው በላይ ዕቃ ሰቅሎ ጠብታ በጠብታ እንዲወርድ ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ የግሉኮስ መስጫው ቱቦ፣ ፍጥነቱን መቈጣጠሪያ ስላለው፣ ከሚሸጠው መሣሪያ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የእንስሳት ሐኪም ቤት ይህ አይጠፋም። ውሃ መጠጣቷን ለማወቅ ከኩሷ ጋር የሚወጣውን ነጭ ክፍል መመልከት ይበቃል። ነጭ ከሆነ ደኅና ናት፤ ወደ ብርቱካን ቀለም ካደላ ጠምቷታል። ዐይኗ ወደ ውስጥ ከሰረገደ ጥማቱ ከርሟል።

ወደ ምግብና ወደ ብርሃን ሲመጣ በእጅ ያሉ እስስቶችን በብዛት የሚጨርሰው በሽታ ይገኛል፤ እርሱም የአጥንት መለስለስ ነው። የእስስት ምግብ ነፍሳት ናቸው፤ ፌንጣ፣ አንበጣ፣ በረሮ፣ ዝንብ፣ የሐር ትል። እነዚህ ሁሉ በሥጋቸው ውስጥ ፎስፎረስ ከካልሲየም በብዙ እጥፍ ይበልጥባቸዋል። በዱር እስስት ልዩ ልዩ ነፍሳትን እየለወጠች ስለምትበላና ፀሐይ ስለምትሞቅ ጉድለቱን ታካክሳለች። በቤት ግን አንድ ዐይነት ፌንጣ ብቻ እየበላች፣ ፀሐይ በሌለበት ክፍል ስትቀመጥ፣ ሰውነቷ ለጡንቻና ለልብ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቷ መበደር ይጀምራል። በመጀመሪያ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ የክንዷ አጥንት ይጐብጣል፤ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል፤ በመጨረሻም ምላሷን መወርወር አትችልም። ምላሷ ከአካሏ በላይ የሚረዝም፣ በውስጡ በሚገኝ ዐጥንት ላይ ተሰብስቦ እንደ ቀስት የሚወነጨፍ ስለሆነ፣ ዐጥንቱና ጡንቻው በደከሙ ጊዜ ዒላማውን ይስታል፤ ወይም ወጥቶ አይመለስም። እስስት ፌንጣውን እያየች፣ አፏን እየከፈተች፣ ሳትወረውር ስትቀር ባለቤቱ «ጠግባ ነው» ይላል። ሐኪሙ ግን ይህን ሲሰማ መንጋጋዋን በጣቱ መዳሰስ ይገባዋል።

የኢትዮጵያ እናቶች ጨቅላቸውን በማለዳ ፀሐይ የሚያሞቁበት ምክንያትና ለእስስት የሚያስፈልገው ሕክምና አንድ ነው። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ቆዳ ቪታሚን ዲ3 እንዲሠራ ያደርጋል፤ ያለዚህ ቪታሚን የተበላው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም አይገባም። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ግን አይረዳም፤ የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፈውምና። በደመናማና በብርዳማ አገር ያሉ አርቢዎች ይህን ጨረር የሚሰጡ ልዩ መብራቶችን ይጠቀማሉ፤ መብራቱ ብርሃን መስጠቱ ሳይቋረጥ ጨረሩ ቀስ በቀስ ስለሚደክም በየጊዜው መለወጥ አለበት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ስፍራ ግን በረንዳ ላይ፣ ጥላና ፀሐይ ባለበት፣ ጥቂት ሰዓት ማዋል ከማናቸውም መብራት ይሻላል። ፌንጣዎቹ ደግሞ ለእስስቷ ከመሰጠታቸው በፊት ለአንድ ቀን ጎመንና ካሮት ሊበሉ፣ በሚሰጡበትም ጊዜ ፎስፎረስ በሌለው የካልሲየም ዱቄት ሊነሰነሱ ይገባል። የዲ3 ዱቄት ግን በየቀኑ አይሰጥም፤ ሲበዛ ኩላሊትንና የደም ሥርን በካልሲየም ያደርቃል። ቪታሚን ኤ ሲጐድል ዐይን ያብጣል፤ ሲበዛም ይመርዛል። በዚህ ረገድ ከንዝህላሉ ባለቤት ይልቅ ሁሉንም ዱቄት በአንድ ላይ የሚነሰንሰው ትጉህ ባለቤት የሚያጠፋበት ጊዜ አለ።

አንበጣን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 ድረስ የበረሃ አንበጣ መንጋ ምሥራቅ አፍሪካን በወረረ ጊዜ ሰፊ መሬት በፀረ ነፍሳት መድኃኒት ተረጭቷል። በእንዲህ ያለ ወቅት ከሜዳ የተለቀመ አንበጣ ለእስስትም ሆነ ለዶሮ አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው የእርባታው ነገር ነው፤ የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። ብዙ ሰው እርባታ ማለት ተባዕትን ከእንስት ማገናኘት ይመስለዋል። በባለ ቆቡ እስስት ዘንድ ግን እንስቲቱ ተባዕት ባታይም እንደ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። «እኔ ማራባት አልፈልግም» የሚል ባለቤት እንስት ከያዘ፣ ወደደም ጠላም፣ ለእንቁላሉ መዘጋጀት ግዴታው ነው። ባለመዘጋጀት የሚሞቱት እንስቶች ቍጥር ጥቂት አይደለም።

እንስቲቱ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ወር ለመፀነስ ትደርሳለች፤ ይሁን እንጂ ገና በማደግ ላይ ስለሆነች አንድ ዓመት ሳይሞላት ከተባዕት ጋር ማገናኘት በደል ነው። ፈቃደኛ በሆነች ጊዜ ቀለሟ ለስላሳ አረንጓዴ ሆኖ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ተባዕቱ ሲቀርባት አትቈጣም። ፈቃደኛ ካልሆነች ጠቍራ፣ አፏን ከፍታ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ታባርረዋለች፤ ያን ጊዜ ወዲያውኑ መለየት ነው። ከተገናኙ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንስቲቱ ጥቍር አረንጓዴ ትሆናለች፤ በላዩም ደማቅ ብጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣባታል። ይህ ቀለም «ፀንሻለሁ፤ አትቅረበኝ» ማለት ነው። ለእንስሳት ሐኪም ከዚህ የበለጠ ግልጽ የእርግዝና ማስረጃ ያለ ደም ምርመራ የሚሰጥ እንስሳ ብዙ የለም።

ከ20 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እንስቲቱ ምግብ ትቀንሳለች፤ ከዛፏ ወርዳ ወለሉን ትዞራለች፤ ትቧጥጣለች። በዚህ ጊዜ ጥልቀቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር የማያንስ፣ እርጥብ አሸዋና አፈር የተሞላ ዕቃ ሊቀርብላት ይገባል። አፈሩ በጣት ሲቈፈር የማይናድ መሆን አለበት፤ እንስቲቱ ወደ ታች ዋሻ ቈፍራ፣ ገብታ፣ ከጣለች በኋላ እንደገና ደፍና ጠቅጥቃ ትወጣለችና። በምትቈፍርበት ጊዜ ሰው ካየች ጕድጓዱን ትታ ትወጣለች፤ እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረበሸች ጨርሳ ታቆማለች። ስለዚህ ጎጆውን በጨርቅ መሸፈንና መራቅ ይገባል። ትዕግሥት የሌለው ባለቤት፣ በተለይም ለጎረቤት ለማሳየት የሚጓጓ፣ በዚህች ሰዓት እንስሳውን ይገድላል።

አንዲት ባለ ቆብ እንስት በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ በምግብ የተቀለበችው ከ80 በላይ ልትጥል ትችላለች። ከፍ ያለው ቍጥር ለአንዳንድ አርቢዎች መኵሪያ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ሰማንያው እንቁላል የሚሠራው ከእናቲቱ አጥንትና ስብ ነው። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲህ የምትጥል እንስት ሦስተኛ ዓመቷን ማየት ያስቸግራታል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች የደረሰችውን እንስት በየቀኑ ከመመገብ ይልቅ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በልክ ይመግቧታል፤ የሚሞቀውንም ስፍራ በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ እንቁላሉ ያንሳል፤ የእናቲቱ ዕድሜ ግን ይረዝማል። መጥገብ ለእስስት መልካም ነው የሚለው አስተሳሰብ ከቤት የሚመጣ ደግነት ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን ደግነቱ ይጐዳል።

እንቁላሉ በሆዷ የቀረባት እንስት ቀን ዐይኗን ጨፍና በወለሉ ላይ ትተኛለች፤ ሆዷ ጐባብጦ ይታያል፤ አትቈፍርም፤ ወይም ቈፍራ ሳትጥል ትወጣለች። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የካልሲየም ጉድለት፣ ጥማት፣ ወይም የሚቈፈር አፈር ማጣት ነው። ሐኪሙ በራጅ እንቁላሎቹን ያያል፤ የአጥንቱንም ሁኔታ በዚያው ይመረምራል። በመጀመሪያ ፈሳሽ፣ ሙቀት፣ ካልሲየምና ጸጥ ያለ መጣያ ስፍራ ይሰጣል። ኦክሲቶሲን በኤሊ ላይ የሚያሳየውን ያህል ውጤት በእንሽላሊት ወገኖች ላይ አያሳይም፤ ካልሲየሙ ሳይስተካከል፣ ወይም የሚያግድ ነገር መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ መውጋትም አደገኛ ነው። ይህ ሁሉ ካልሠራ የቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው በሠለጠነ እጅ ይሳካል፤ እንስቲቱም ዳግመኛ ከዚህ ጣጣ ትገላገላለች።

በዚህ ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦች በየጊዜው የሚገጥማቸው አንድ አሳዛኝ ሒሳብ አለ። የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ከእስስቷ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ባለቤቱ ሒሳቡን ይሠራና «ሌላ እገዛለሁ» ይላል። ሐኪሙ ሊያስገድደው አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ግን አለ፤ ይኸውም እንስሳዪቱ ገና በጤና ሳለች፣ በመጀመሪያው ምርመራ ቀን፣ ስለ አሸዋው ዕቃ መናገር ነው። የአንድ ባልዲ አሸዋ ዋጋ ከሁሉም ያነሰ ነው።

እንቁላሎቹ ከተጣሉ በኋላ ከአፈሩ በጥንቃቄ ይወጣሉ፤ የነበሩበት አቅጣጫ ሳይገለበጥ፣ በክዳን ዕቃ ውስጥ፣ በእርጥብ ቨርሚኩላይት ላይ ይደረደራሉ። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ በጨለማ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይቆያሉ። ይህ የጊዜ ርዝመት ለጀማሪ የሚያስጨንቅ ነው። ምክንያቱ በጥናት ታውቋል፤ የባለ ቆቡ ጽንስ እንቁላሉ በሚጣልበት ጊዜ በመጀመሪያው የዕድገት ደረጃ ላይ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለወራት ዕድገቱን ገትቶ ይቆያል። በሦስተኛው ወር አንዱን ቀድዶ ያየ ሰው ምንም የሚታይ ነገር ስለማያገኝ «ከስሟል» ብሎ ሁሉንም ይጥላል። ብዙ ሕያው እንቁላል በዚህ መንገድ ጠፍቷል። የከሰመው እንቁላል ራሱን ያስታውቃል፤ ይበጫል፤ ይሰረጕዳል፤ ይሻግታል። ነጭና ጠንካራ ሆኖ የተቀመጠው ግን፣ ምንም እንኳ ግማሽ ዓመት ቢያልፈው፣ መተው ነው። የመፈልፈያው ቀን ሲቀርብ እንቁላሉ ያልበዋል፤ ጥቂትም ይጨማደዳል፤ ከዚያም ጫፉ በኮከብ ቅርጽ ይሰነጠቃል።

ለንጽጽር ያህል የጃክሰን እስስት እንቁላል አይጥልም። ልጆቹን ከግማሽ ዓመት በላይ በሆዱ ተሸክሞ ሕያው ይወልዳል፤ ይህም ለቀዝቃዛ ደጋ የተሰጠ መላ ይመስላል፤ እናቲቱ ፀሐይ እየሞቀች ጽንሷን ታሞቃለችና። በማዳጋስካር የሚገኘው የላቦር እስስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ከዓመቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር በእንቁላል ውስጥ ያሳልፋል፤ ከተፈለፈለ በኋላ የሚኖረው አራት ወይም አምስት ወር ብቻ ነው። ይህን ዝርያ በቤት አኖራለሁ የሚል ሰው በአመዛኙ የሚያኖረው እንቁላል ነው።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ናቸው፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን መብላት ይጀምራሉ። የሚበሉት በበሰበሰ ሙዝ ላይ የሚራባውን ደቃቅ ዝንብና ገና የተፈለፈለ ፌንጣ ነው። በዚህ ዕድሜ የአንድ ቀን ጥማት ይገድላል። ስለ መለያየታቸው ቀደም ሲል የነበረው ምክር እንደ ትልልቆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለየብቻ ይደረጉ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን ለየብቻ ያደጉት የባለ ቆብ ጫጩቶች በኋላ ከሌሎች ጋር ሲገናኙ ይበልጥ ፈሪዎች፣ ቀለማቸውም ይበልጥ የደበዘዘ፣ ምግብ ለመያዝም የዘገዩ ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ቅጠል ባለበት ሰፊ ጎጆ በጥቂት በጥቂቱ አብሮ ማሳደግ፣ አንዱ በሌላው ላይ መበርታት ሲጀምር መለየት የተሻለ ይመስላል። ከዚህ በላይ ስለ ብቸኝነት የተባለው ላደገችው እስስት እንጂ ለጫጩቷ አይደለም።

እንግዲህ ሃምሳ ጫጩት ያለው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ሃምሳ ጎጆ ያስፈልገዋል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ብዙ ነው። ያላሰቡት ምን እንደሚያደርጉ የታወቀ ነገር ነው፤ ይለቃሉ። የጃክሰን እስስት እ.ኤ.አ. በ1972 ከኬንያ ወደ ሃዋይ ለንግድ ተወስዶ በአንድ ግቢ ውስጥ ከተለቀቀ ወዲህ በዚያ ደሴት ዱር ተስፋፍቶ የአገሩን ነፍሳትና ቀንድ አውጣ ይበላል። ባለ ቆቡም በኋላ በፍሎሪዳና በሃዋይ እንዲሁ ዱር ገብቷል። ጫጩት የሚሸጥ ሰው ለማን እንደሚሸጥ ሳያውቅ እንቁላል ወደ ሙቀት ባያስገባ ይሻላል፤ ለትርፍ እንቁላል ቀላሉ መላ በተጣለ ሰሞን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ነው።

በሌላ በኩል እርባታው ያስገኘው ጥቅም ሊካድ አይገባም። አስቀድሞ እስስት የሚያዘው ከዱር ነበር፤ በመንገድና በመጋዘን የሚሞተው ገበያ ከሚደርሰው ጋር የሚተካከልበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት እስስቶችን ከሞላ ጎደል በሁለተኛው ዝርዝሩ ይዟቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1995ም ከማዳጋስካር የሚወጡት ከአራት ዝርያዎች በስተቀር ታግደው ነበር። ዛሬ ባለ ቆብ ወይም ፓንተር የሚገዛ ሰው በቤት የተፈለፈለውን ለመግዛት የሚያግደው ነገር የለም። ከዱር የተያዘው በትል የተመላ፣ በጭንቀት የደከመ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ከየት መጣች?» የሚል ነው።

ኢትዮጵያ የራሷ እስስቶች አሏት። በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ቍልቍለት በሚገኘው የሐረና ደን የሚኖረው ዝርያ፣ በደኑ ስም «ሐረኔ» ተብሎ፣ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ባለ ሁለት ቀንዱ የባሌ እስስት በ1998፣ ሌላው የባሌ ዝርያ ደግሞ በ2021 ተገለጹ። በሰሜኑና በመሀል ደጋ በየአጥሩና በየቍጥቋጦው የሚታየው «አፊኒስ» የተባለው እስስት ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ በ19ኛው መቶ ዓመት ተመዝግቧል። እነዚህን ከዱር ይዞ ማኖር በሕግ መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ደን በሚመነጠርበት አገር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የሐረና እስስት አንድ ቀን በእጅ መራባት ቢያስፈልገው የሚያውቅበት ሰው ይገኛል ወይ? የባለ ቆቡ ዕውቀት እንደዚሁ አይሸጋገርለትም። የየመኑ እንስሳ ደረቅ እርከን የለመደ፣ ቻይ ነው፤ የሐረናው በጭጋግ ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት የሚኖር ነው። 33 ዲግሪ ለአንዱ ጤና ነው፤ ለሌላው ሞት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ እንስሳ መያዝ አያስፈልግም፤ ቢያንስ ለጊዜው አያስፈልግም። በደኑ ውስጥ፣ እስስቶቹ በሚያድሩበት ቅርንጫፍ ከፍታ፣ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ሰቅሎ የዓመቱን ንባብ መመዝገብ ይቻላል፤ በሌሊት በባትሪ ብርሃን ሲፈለጉ እስስቶች በቅጠል ጫፍ ላይ ነጥተው ተኝተው በቀላሉ ስለሚታዩ፣ ሳይነኩ መቍጠርም አያስቸግርም። መንገድ ላይ ተጨፍልቀው ከሚገኙት እንስቶች ሆድ እንቁላል ወይም ጽንስ መኖሩን መመዝገብ፣ የኩሳቸውን ትል መመርመር፣ የበሉትን ነፍሳት መለየት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። መሣሪያው ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንድ የእጅ ባትሪና አንድ ደብተር ነው፤ ሥራው የሚጀመረውም ከክረምቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ለመኪና ያስቸግራልና።